ስሕተትን ስለ መናገርና ስለ መሰወር

ሰው ሆኖ የማይሳሳት የለም የሚለው ቃል በሁላችን አፍ የተለመደ ነው። ነገር ግን ይህን ቃል አዘውትረን የምንናገረው የገዛ ስሕተታችን ሲገለጥብን ይቅርታ ለመለመን ነው እንጂ፥ ስሕተታችን ገና ሳይገለጥ ራሳችን ወጥተን ለመናገር አይደለም። ሲሳሳት ያየው ሰው ከሌለ አብዛኛው ሰው ዝም ማለትን ይመርጣል። ዝምታውም ለጊዜው ማንንም የሚጎዳ አይመስልም፤ እንዲያውም ብዙ ጊዜ እንደ ብልኅነት ይቈጠራል። ስለዚህ ዛሬ ለመመርመር የምፈልገው ጥያቄ ይህ ነው፤ ስሕተቱን በገዛ አፉ የነገረንን ሰው እንቅጣው ወይስ እንስማው? ሁለቱን ባንድነት ማድረግ የማይቻል ቢሆንስ የትኛው ይቅደም?

ለዚህ ጥያቄ ምስክር አድርጌ የማቀርበው የመንገደኛ አይሮፕላን አደጋዎችን ታሪክ ነው። አንባቢ ምናልባት ስለ ግብረ ገብ በሚናገር ጽሑፍ ውስጥ የአይሮፕላን ነገር ምን ቦታ አለው ይል ይሆናል። ምክንያቱ ግን ግልጽ ነው። በሌላው ሙያ ስሕተት ብዙ ጊዜ ከሠሪው ጋር ይቀበራል። በአየር ጉዞ ግን አንድ ስሕተት በመቶ የሚቈጠሩ ሰዎችን ባንድ ደቂቃ ስለሚፈጅና ለመሰወርም ስለማይመች፥ ሙያተኞቹ ስለ ስሕተት ከሌላው ሰው ይበልጥ እንዲያስቡ ተገድደዋል።

እኔ ራሴ አብራሪም መሐንዲስም አይደለሁም፤ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርቴን ጨርሼ በአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት የምሠራ ሰው ነኝ። ወደዚህ አሳብ ያደረሰኝም በገዛ እጄ የደረሰ ጥፋት ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት የአንዲት ባላቸው የሞቱባቸው ሴት የጡረታ ፋይል ከእጄ ጠፋ። ሴትዮዋ በየጧቱ እየመጡ በመስኮቱ በኩል ይጠይቁኛል፤ እኔም «ነገ ይመለሱ፥ እናቴ» እያልሁ እሰዳቸዋለሁ። በዐሥራ አንደኛው ቀን ፋይሉን እኔው ራሴ ካስቀመጥሁበት ከሌላ መደርደሪያ ላይ አገኘሁት። ሁለት ክፍሎች መዝገባቸውን በየዓመቱ ከ1 ቍጥር ስለሚጀምሩ፥ አንድ ዐይነት ቍጥር ያላቸው ሁለት ፋይሎች ተምታተውብኝ ነበር። አንሥቼ ወደ ቦታው መለስሁት፤ የክፍሉ ሹም በጠየቁኝም ጊዜ «ከሌላ ጠረጴዛ ላይ ተገኘ» ብዬ አለፍሁ። ሴትዮዋ መርቀውኝ ሄዱ፤ ነገሩም ያለቀ መሰለኝ። ከጥቂት ወራት በኋላ ግን አዲስ የተቀጠረ አንድ ወጣት ባልደረባዬ በዚያው በቍጥሩ መመሳሰል ምክንያት የሌላ ባለጉዳይ ፋይል አጠፋ፤ ከደመወዙም ተቈረጠበት። ሲቀጣ እዚያው ቆሜ ነበር፤ ዝም አልሁ።

የእኔ ጥፋት በወረቀት ላይ የደረሰ ነገር ነው። ከዚህ በታች የምተርከው ግን በሰው ነፍስ ላይ የደረሰ ነው፤ መንገዱ ግን አንድ ሆኖ አገኘሁት። ቀኖቹንና ዓመታቱን በአውሮፓውያን አቈጣጠር እጽፋለሁ።

በ1952 የእንግሊዝ አየር መንገድ ኮሜት የተባለውን አይሮፕላን ለመንገደኞች አሰማራ። ኮሜት በጄት ሞተር እየበረረ መንገደኛ በማመላለስ በዓለም የመጀመሪያው ነበር፤ በፍጥነቱና በጸጥታውም እጅግ ተደነቀ። ነገር ግን በጃንዋሪ 10 ቀን 1954 አንድ ኮሜት ከሮማ ወደ ለንደን ሲጓዝ በኤልባ ደሴት አጠገብ በአየር ላይ ተበታትኖ ወደ ባሕር ወደቀ፤ 35 ሰዎች ሞቱ። በረራው ለጊዜው ተቋረጠ፤ መሐንዲሶቹም የጠረጠሩትን ሁሉ አሻሻሉ። ይሁን እንጂ እውነተኛው ምክንያት ሳይታወቅ አይሮፕላኖቹ በማርች ወር እንደገና ተነሡ። ሁለት ሳምንት ያህል ቈይቶ በኤፕሪል 8 ቀን ሌላ ኮሜት ከሮማ ወደ ካይሮ ሲበር በናፖሊ አቅራቢያ ወደቀ፤ 21 ሰዎች ሞቱ።

ከዚህ በኋላ የተደረገው ነገር ለሥልጣኔ ታሪክ የሚያኰራ ነው። የእንግሊዝ ባሕር ኀይል በኤልባ አጠገብ የሰጠመውን ስብርባሪ ከባሕር ወለል እየለቀመ አወጣ፤ ጠቢባኑም ፋርንቦሮ በተባለው ስፍራ እንደ ተሰበረ ገንቦ አገጣጠሙት። ሌላ ያልተጎዳ ኮሜትም በትልቅ የውኃ ገንዳ ውስጥ አስገብተው፥ በበረራ ጊዜ የሚደርስበትን ግፊት በውኃ ኀይል እየሰጡና መልሰው እያላሉ፥ ያለ ዕረፍት ፈተኑት። ቀድሞ በእውነት የበረረውና በገንዳው ውስጥ የተፈተነው ተደምሮ 3,000 በረራ ያህል ሲሞላ የአይሮፕላኑ ገላ ተሰነጠቀ። ብረት እንደ ሰው የሚደክም መሆኑ ተረጋገጠ፤ ድካሙም በመስኮቶችና በሌሎች ክፍት ቦታዎች ጥግ ላይ ከተገመተው በላይ ይበረታ ነበር። ምርመራው በዚያው ዓመት በአደባባይ ተሰማ። የኮሜት ተወዳዳሪዎች የሆኑ የሌላ አገር ፋብሪካዎችም የዚህን ውድቀት ትምህርት ወስደው ጠንካራ አይሮፕላን ሠሩ። እንግሊዞች ኀፍረታቸውን ለመሸፈን ሲሉ ምስጢሩን ቢሰውሩት ኖሮ፥ ከዚያ በኋላ በሌላ ስምና በሌላ ባሕር ላይ ስንት ሰው ይሞት ነበር?

ከዚሁ ከኮሜት አደጋ ጋር የተያያዘ ሌላ ታሪክ አለ። በሜልበርን ከተማ የአይሮፕላን ምርምር በሚደረግበት መሥሪያ ቤት ይሠራ የነበረ ዴቪድ ዋረን የተባለ አውስትራሊያዊ የኮሜትን አደጋ ምክንያት ሲመረምሩ ከነበሩት ጋር ያስብ ነበር። ይህ ሰው አባቱን በ1934 በደረሰ የአይሮፕላን አደጋ ያጣ ነው። የሞቱት አብራሪዎች በመጨረሻው ሰዓት የተናገሩትን የሚጠብቅ መሣሪያ ቢኖር ኖሮ ስንት ነገር በታወቀ ነበር ብሎ አሰበ፤ ድምፅንና የአይሮፕላኑን አካሄድ የሚቀዳ፥ እሳትና ድንጋጤ የማያጠፋው ሣጥን እንዲሠራም አሳብ አቀረበ። ይህ ዛሬ ጥቍር ሣጥን የሚባለው፥ ቀለሙ ግን በቀላሉ እንዲታይ ብርቱካናማ የሆነው መሣሪያ ነው። የሚያስደንቀው ግን አሳቡ መጀመሪያ በአገሩ ሰዎች ዘንድ አለመወደዱ ነው፤ አብራሪዎቹ ሰላይ በአጠገባችን ሊቀመጥ ነው ብለው ተቃወሙት። ፍርሃታቸው ያለ ምክንያት አልነበረም። ቃሉ የሚጠበቀው ለመቅጫ ከሆነ ማን በፈቃዱ ይናገራል?

ይህን ፍርሃት ለማስወገድ የዓለም መንግሥታት አንድ ትልቅ መሠረት ጣሉ። በ1944 በቺካጎ ከተማ የሲቪል አቪዬሽን ስምምነት ተፈረመ፤ ኢትዮጵያም ከፈራሚዎቹ አንዷ ነበረች። የዚህ ስምምነት ዐሥራ ሦስተኛ ዐባሪ የአደጋ ምርመራ ብቸኛ ዓላማ ሌላ አደጋ እንዳይደርስ መከላከል እንደ ሆነ፥ በደለኛን መለየት ወይም ኀላፊነትን በሰው ላይ ማሳረፍ ግን ዓላማው እንዳልሆነ ይደነግጋል። ይህን ስናነብ በአገራችን የነበረው አውጫጭኝ ይታወሰናል። በአውጫጭኝ ጊዜ የአገሩ ሰው ሁሉ በአንድ ስፍራ ተሰብስቦ፥ ወንጀለኛው እስኪታወቅ ድረስ ወደ ቤቱ እንዳይመለስ ይደረግ ነበር። የአውጫጭኝ ጥያቄ «ማን አደረገው?» የሚል ነው። የአይሮፕላን መርማሪዎች ጥያቄ ግን «እንዴት ሊሆን ቻለ? ዳግመኛ እንዳይሆንስ ምን እናድርግ?» የሚል ነው። ሁለቱም ጥያቄዎች ተገቢ ናቸው፤ ነገር ግን የመጀመሪያው ጥያቄ ሲቀድም ሁለተኛው መልስ ሳያገኝ ይቀራል። «ማን ነው?» የተባለ ሕዝብ አፉን ይዘጋልና።

ዝምታ ምን ያህል እንደሚያስከፍል የሚያሳይ አንድ ምሳሌ በአሜሪካ ታይቷል። በዲሴምበር 1 ቀን 1974 ወደ ዋሽንግተን ይጓዝ የነበረ የቲ ደብልዩ ኤ አይሮፕላን በቨርጂንያ ግዛት ውስጥ ከተራራ ጋር ተጋጭቶ 92 ሰዎች ሞቱ። አብራሪዎቹ ለማረፍ እንዲቃረቡ የተሰጣቸውን ፈቃድ ወዲያው ዝቅ ብለው እንዲበሩ የተሰጠ ፈቃድ አድርገው ተረድተውት ነበር። በምርመራው ጊዜ ግን ልብ የሚሰብር ነገር ተገለጠ። ከስድስት ሳምንት በፊት የሌላ አየር መንገድ አብራሪዎች በዚያው ስፍራ፥ ያንኑ ቃል ያንኑ በመሰለ መንገድ ተረድተው፥ ተራራውን ለጥቂት አልፈውት ነበር። እነርሱም ስሕተታቸውን ለገዛ ኩባንያቸው ነገሩ፤ ኩባንያውም የራሱን አብራሪዎች አስጠነቀቀ። ወሬው ግን ከዚያ አጥር አልወጣም። እውቀቱ ነበረ፤ ለ92ቱ ሰዎች ግን አልደረሰም።

ከዚህም የተነሣ በ1976 አሜሪካኖች አዲስ ሥርዐት አቆሙ። ማናቸውም አብራሪ ወይም የአየር ትራፊክ ተቈጣጣሪ የሠራውን ስሕተት፥ ያየውንም አደገኛ ነገር ጽፎ እንዲልክ ተጋበዘ። ጽሑፉን የሚቀበለው የሚቀጣው መሥሪያ ቤት አይደለም፤ ናሳ የተባለው የጠፈር ምርምር መሥሪያ ቤት ነው። የላኪው ስም ከጽሑፉ ላይ ይፋቃል፤ ትምህርቱ ግን ለሁሉ ይታደላል። ሳያስበው ደንብ ተላልፎ በዐሥር ቀን ውስጥ የተናገረ ሰው ከቅጣት ይድናል። ወንጀል የሠራ ሰው ግን በዚህ ጥላ ሥር አይጠለልም። ከዚያ ወዲህ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ጽሑፎች ተልከዋል። አንባቢዎቼ ይህን ቍጥር በጥሞና እንዲመለከቱት እለምናለሁ፤ ከአንድ ሚሊዮን ጊዜ በላይ ሰው በገዛ እጁ ጽፎ «ተሳስቻለሁ» ወይም «አደጋ አይቻለሁ» ብሏል ማለት ነው።

ስሕተትን የሚሰውረው ግን ቅጣትን መፍራት ብቻ አይደለም፤ ታላቅን መፍራትም አለ። በማርች 27 ቀን 1977 ቴኔሪፍ በተባለችው ደሴት ሁለት ታላላቅ አይሮፕላኖች በጉም በተሸፈነ ሜዳ ላይ ተጋጭተው 583 ሰዎች ሞቱ። በአይሮፕላን ታሪክ በአንድ አደጋ ይህን ያህል መንገደኛ ያለቀበት ሌላ ጊዜ የለም። ከሁለቱ አንዱን ይነዳ የነበረው የሆላንድ አየር መንገድ ሻለቃ በሙያው የተከበረ፥ ሌሎችን አብራሪዎች የሚያሠለጥን ሰው ነበር። የመነሻ ፈቃድ ሳይሰጠው አይሮፕላኑን አስነሣ። በኋላው የተቀመጠው መካኒክ ያኛው አይሮፕላን ከመንገዱ ገና አልወጣ ይሆን ብሎ ጠየቀ፤ ሻለቃው ግን እንደ ወጣ በእርግጠኝነት መለሰለት። መካኒኩም ዳግመኛ አልተናገረም። ከዚህና ይህን ከመሰሉት አደጋዎች በኋላ አየር መንገዶች ታናሹ ያለ ፍርሃት እንዲናገር፥ ታላቁም ሳይቈጣ እንዲሰማ ሠራተኞቻቸውን ማሠልጠን ጀመሩ። በየመሥሪያ ቤታችን ሹሙ ሲሳሳት እያየን «እርሳቸው ያውቃሉ» ብለን ዝም የምንል ሰዎች ሁሉ የዚያን መካኒክ ቦታ መያዛችንን አንርሳ።

አሁን ወደ ራሳችን ኀዘን እመለሳለሁ። በኦክቶበር 29 ቀን 2018 የላየን ኤር አይሮፕላን በኢንዶኔዥያ ባሕር ውስጥ ወድቆ 189 ሰዎች ሞቱ። አይሮፕላኑ ቦይንግ 737 ማክስ የተባለው አዲስ ዐይነት ነበር። በውስጡም የአይሮፕላኑን አፍንጫ በራሱ ወደ ታች የሚጫን አዲስ መሣሪያ ነበረ፤ ይህም መሣሪያ የሚታዘዘው በአንድ ጠቋሚ ብቻ ሲሆን፥ አብራሪዎች በሚማሩበት መጽሐፍ ውስጥ አልተገለጠላቸውም። ከአደጋው በፊት በነበረው ማታ ያው አይሮፕላን ያንኑ ጠባይ አሳይቶ፥ የነበሩበት አብራሪዎች በብዙ ትግል አሳርፈውት ነበር። ለጥገና ሠራተኞቹ በጻፉት ማስታወሻ ላይ ግን ዋና ዋናው ነገር ሳይጠቀስ ቀረ። በማግሥቱ አይሮፕላኑን የተረከቡት አብራሪዎች የሌሊቱን ታሪክ ሳያውቁ ተነሡ። እነሆ፥ በቨርጂንያ ተራራ የታየው ነገር ከአርባ አራት ዓመት በኋላ ተደገመ።

ከዚህ በኋላ አምስት ወር እንኳ ሳይሞላ፥ መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም.፥ ይኸውም በማርች 10 ቀን 2019፥ ያው ዐይነት የኢትዮጵያ አየር መንገድ አይሮፕላን ከአዲስ አበባ ወደ ናይሮቢ ለመሄድ በተነሣ በስድስተኛው ደቂቃ በቢሾፍቱ አቅራቢያ ወደቀ። ከሠላሳ አገሮች በላይ የመጡ 157 ሰዎች አለቁ። ቤተ ሰቦቻቸው የሚቀብሩት አካል ስላላገኙ ከወደቀበት ስፍራ የተወሰደ አፈር ተሰጣቸው፤ አስከሬን የሌለበት ሣጥን ተሸክመው ያለቀሱትን ሁላችንም እናስታውሳቸዋለን። ከዚያ በኋላ በዓለም ያሉት 737 ማክስ አይሮፕላኖች ሁሉ ከበረራ ታገዱ። በ2021 በጃንዋሪ ወር ፋብሪካው ሠራተኞቹ የነበሩ ሁለት ሰዎች ስለዚህ መሣሪያ የአሜሪካንን የአቪዬሽን ተቈጣጣሪ መሥሪያ ቤት እንዳሳቱ አምኖ፥ ከሁለት ቢሊዮን ተኩል ዶላር በላይ ለመክፈል ተስማማ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንደሚባለው ነው።

በዚህ ስፍራ አንድ ብርቱ ተቃውሞ ይነሣል። የሟቾቹ ቤተ ሰብ «እናንተ ትምህርት ትላላችሁ፤ የእኛ ልጅ ግን ትምህርት ለመሆን አልተወለደችም፤ ፍርድ ወዴት አለ?» ቢሉ ማን አፍ አለው? ይህ ጥያቄ በቀላል የሚታለፍ አይደለም። የሰው ሞት ለሌላው ሕይወት መማሪያ መሆኑ ለቈየው ሰው ጥቅም ነው እንጂ ለሞተው ካሳ አይሆንም። የሚናገረውን ሁሉ ይቅር እንበል ብንል ደግሞ ምሕረት ለቸልተኞች መሸሸጊያ ይሆናል።

እንደ እኔ አስተሳሰብ መፍትሔው ሦስት ነገሮችን መለየት ነው። አንደኛው ስሕተት ነው፤ ይህም ቅን ሰው የሚችለውን እያደረገ ሳለ የሚያመልጠው ነው። ሁለተኛው ቸልተኝነት ነው፤ ይህም ማድረግ የሚገባውን እያወቀ ሳያደርግ መቅረት ነው። ሦስተኛው መሰወር ነው፤ ይህም ሌላውን ሊያድን የሚችል እውቀት በእጅ ይዞ ስለ ክብር ወይም ስለ ጥቅም መደበቅ ነው። የመጀመሪያው ሊሰማና ሊታረም ይገባዋል፤ ሁለተኛው እንደ ክብደቱ ይቀጣል። ሦስተኛው ግን ከሁሉ የከፋ ነው፤ ምክንያቱም ተሳሳች ሰው የሚበድለው ስሕተቱ የደረሰበትን ሰው ሲሆን፥ ሰዋሪ ሰው ግን ገና ያልተሳፈሩትን ጭምር ይበድላል። መርማሪና ዳኛ በአንድ ወንበር ላይ አይቀመጡ ማለት ዳኛ አያስፈልግም ማለት አይደለም፤ ዳኛው የሚከብደው ክንዱ በተሳሳተው ላይ ሳይሆን በሰወረው ላይ ይሁን ማለት ነው። እኛ ግን ብዙ ጊዜ ይህን ገልብጠን፥ የተናገረውን እንቀጣለን፤ የሰወረውን ደግሞ ብልኅ ነው እንላለን።

የሥርዐቱ ፍሬ በዐይን የሚታይ ነው። በ2017 በመላው ዓለም በጄት አይሮፕላን መደበኛ የመንገደኛ በረራ በአደጋ የሞተ መንገደኛ አልነበረም። ይህ የሆነው ሰዎች መሳሳት ስላቆሙ አይደለም፤ የአንዱ ስሕተት የሁሉ ትምህርት እንዲሆን ስለ ተደረገ ነው። የቀጠሉት ሁለት ዓመታት ደግሞ መሰወር በተመለሰበት ቦታ ሁሉ ሞትም እንደሚመለስ አሳዩን። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም።

ይህን ሁሉ ካነበብሁና ካሰብሁ በኋላ ወደ ክፍላችን ሹም ገብቼ ያን የቈየ ጥፋቴን ተናገርሁ። ሹሙ ለጥቂት ጊዜ ዝም ብለው ተመለከቱኝ፤ ከዚያም የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ጻፉልኝ። በዚያው ሳምንትም የሁለቱ ክፍሎች መዝገብ በተለያየ ፊደል እንዲጀምር አዘዙ። ከዚያ ወዲህ በቍጥር መመሳሰል የጠፋ ፋይል የለም። ደብዳቤው ይገባኛልና አልተከፋሁበትም። የከበደኝ ለወጣቱ ባልደረባዬ ስነግረው የመለሰልኝ ቃል ነው። «ያን ጊዜ ቢነግሩኝ ኖሮ እኔም አልሳሳትም ነበር» አለኝ፤ ሌላም አልጨመረም። የተቈረጠበት ደመወዝ አልተመለሰለትም፤ ከራሴ ልስጥህ ብለውም አልተቀበለኝም።

እንግዲህ ሹሞች የሆናችሁ፥ ወደ ቢሯችሁ ገብቶ «ተሳስቻለሁ» የሚላችሁን ሰው ከመቈጣታችሁ በፊት ስሙት፤ እርሱ ዕዳ ብቻ ሳይሆን መድኃኒትም ይዞላችሁ መጥቷልና። መምህራን የሆናችሁ፥ ተማሪው የተሳሳተውን ስሌት ከመሰረዙ በፊት እንዴት እንደ ተሳሳተ ለክፍሉ እንዲያስረዳ አድርጉት። እንደ እኔ ታናሽ ሠራተኞች የሆንን ደግሞ፥ እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ብለን ቀኑን አንጠብቅ፤ እውነቱ እስኪጠራ ድረስ በመካከል የሚጎዳ ሰው አለና። በቢሾፍቱ ሜዳ ለወደቁት ወገኖቻችን ልንከፍለው የምንችለው ዕዳ ጥቂት ነው፤ ከዚያ ጥቂት ውስጥ አንዱ ግን እያንዳንዳችን በያዝነው ሥራ የምናውቀውን አደጋ ሳይውል ሳያድር መናገር ነው።